ዘጠኝ የሚያስተርፈው አንድ

ልጅ ሳለሁ ትልቅ ቁጥር ያስፈራኝ ነበር። ትንንሾቹን አልፈራም፤ ሰባትና ስምንት፣ አሥራ አምስትና ሃያ ከእናቴ ሻይ ቤት ብርጭቆዎች ጋር አብረውኝ ያደጉ፣ መልካቸውን የማውቀው ነበሩ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋቸው ግን፣ መጨረሻቸው ላይ ስደርስ መጀመሪያቸው የሚጠፋኝ፣ ስማቸውን በአንድ ትንፋሽ መጥራት የማልችለው፣ በጭጋግ ውስጥ ወደ እኔ እንደሚመጣ የማላውቀው ሰው ልቤን ያሸብሩት ነበር። በልጅ ልቤ፣ እነዚያ ቁጥሮች የሰው አይመስሉኝም ነበር። ማንም ሰው ውስጣቸውን አይቶ የማያውቅ፣ ዝም ብለው የተቀመጡ ተራሮች ነበሩ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አገሩ ሉማሜ። አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። ቤታችን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከፊት ሻይ ቤቱ፣ ከኋላ አንዲት መኝታ ክፍል። አባቴ የሞተው እኔ ገና ስድህ ስለሆነ መልኩን አላስታውሰውም። አውቶቡስ ሲቆም እናቴ ሻይና ቦምቦሊኖ ታቀርባለች፤ አውቶቡሱ ሲነሣ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ ቀኑም በዚህ ይመሻል።

በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ የእናቴ አጎት የኔታ ምናሉ ከዲማ መጡ። መጡ ከማለት አመጣናቸው ማለት ይቀላል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን በስሌት የሚያወጣውን ትምህርት፣ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ፈዝዞ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። ተማሪዎቻቸው እጃቸውን ይዘው እየመሯቸው ጥቂት ጊዜ አስተማሩ፤ ጉልበታቸውም ሲከዳቸው ግን እናቴ «ሥጋ ዘመድ እያላቸው» ብላ ሄደችና መኪና እስከሚገኝበት በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲህ በመኪና አመጣቻቸው።

መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ እኔ እተኛበት በነበረው አልጋ ላይ አረፉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ እንደዚያው ቀሩ። እናቴ ምግብ ስታቀርብ አመስግነው ጥቂት ይቀምሱና ይመልሱታል። ስትለምናቸው፣ «ይበቃኛል፣ ልጄ» ይላሉ። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ያዳምጣሉ እንጂ አይመልሱም። ጎረቤቶች መጀመሪያ ላይ በስማቸው እየቀለዱ «ምናሉ ምን አሉ?» ይሉን ነበር፤ በኋላ ግን ቀልዱ ቀረ። ሰውየው ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሹ ሄዱ። የእጃቸው አጥንት ከጋቢው ሥር እንደ ደረቅ እንጨት ይታይ ጀመር።

አንድ ቀን እናቴ ብርጭቆ እየደረደረች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ባልለየሁት ድምፅ፣ «እኔ ቤት ሊሞቱ እንጂ ሊኖሩ አልመጡም» አለች።

«ታመው ነው?» አልኋት።

«አይደለም። የሚያስተምሩት ሰው ስለሌለ ነው» አለችኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ሰው የሚያስተምረው በማጣቱ ይሞታል ብዬ እንዴት ልገምት!

ነገሩ የተለወጠበትን ምሽት ግን ዛሬም እንደ ትናንት አየዋለሁ። የመጨረሻው አውቶቡስ ገና ማለፉ ነው፤ ውጭው ጨርሶ አልጨለመም። እናቴ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከሰሉን እያዳፈነች ነበር። እኔ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ኩራዟን ሣጥን ላይ አስቀምጬ፣ ጭሷ ዓይኔን እየለበለበኝ የቤት ሥራዬን ፊቴ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። መምህራችን የሰጠን ቁጥር 7,452,380 ነበር። ለዘጠኝ ሲካፈል ስንት ይቀራል? ነው ጥያቄው። ስፈራ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማንበብ ልማድ ስለነበረኝ እንደ ጸሎት እየጎተትሁ አነበብሁት፦

«ሰባት… አራት… አምስት… ሁለት… ሦስት… ስምንት… ዜሮ…»

«ሁለት» አለ ድምፅ ከአልጋው ላይ።

በእንቅልፍ ልባቸው የተናገሩ መሰለኝ። ቀስ ብዬ፣ «ምን አሉኝ፣ የኔታ?» አልሁ።

«ዘጠኝ በዘጠኝ ብታወጪው ሁለት ይተርፋል። በስተመጨረሻ ያልሽው ምንድን ነው? ዜሮ ነው ያልሽው?»

«ባዶ ማለት ነው፣ የኔታ። ምንም የለም ማለት ነው። ግን ቦታ ይይዛል።»

ትንሽ አሰቡ። እሳቸው የሚያውቁት የግእዙን አኃዝ ነው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ዜሮ የለም። «ምንም ከሌለው ምንም አላመጣም» አሉ። «ሁለት ነው።»

እርሳሴን አንሥቼ ማካፈል ጀመርሁ። ረጅሙን ማካፈል ማለቴ ነው፤ ሰባ አራት ለዘጠኝ ስምንት ጊዜ፣ ሁለት ይቀራል፤ ሃያ አምስት ለዘጠኝ ሁለት ጊዜ፣ ሰባት ይቀራል… እያልሁ፣ እየሳትሁ፣ እየፋቅሁ፣ ኩራዟ እየተርገበገበች ቁልቁል ወረድሁ። መጨረሻው ላይ ደረስሁ። ሁለት። እኔ ላቤ እስኪመጣ የታገልሁትን ተራራ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ሽማግሌ፣ ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ ማዶውን አይተውት ነበር።

«ሁለት ነው፣ የኔታ!»

«ሌላ አምጪ» አሉኝ።

ሌላ አመጣሁ። እሱንም መለሱ። ሦስተኛውን ሳነብ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀና ብዬ ባይ የኔታ ከግድግዳው ዞረው፣ በክርናቸው ተደግፈው ጆሯቸውን ወደ እኔ አቅንተዋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላውቅም። የታጠበች ብርጭቆ በእጇ እንደያዘች፣ ውኃው በክንዷ ላይ እየወረደ ትሰማለች።

«ማነው እዚያ? አንቺ ነሽ?» አሏት የኔታ። «ጉሮሮዬ ደርቋል። እስኪ ሻይ ስጪኝ። ዳቦ ካለም አምጪ።»

እናቴ ወደ ሻይ ቤቱ ተመልሳ ያዳፈነችውን ፍም በእጇ ልትገልጠው ጥቂት ሲቀራት፣ ስታለቅስ ሰማኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምሽቱ ሌላ ሆነ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያልፍ አግዳሚዎቹን ወደ ማንደጃው እንጎትታለን፤ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከምድጃው ራስጌ ይቀመጣሉ፤ ፍሙ አገጫቸውንና ነጭ ጢማቸውን ከታች ወደ ላይ ያቀላዋል። መጀመሪያ እኔ ብቻ ነበርሁ። ቀጥሎ የጎረቤታችን ልጅ አንለይ መጣ፤ አንለይ ካልቀለደ የማይውል፣ ክፍላችን ውስጥ መምህር በተናገረ ቁጥር አንድ ነገር የሚጨምር ልጅ ነው። ከእሱ በኋላ እኅቶቹ፣ ከዚያ የመንደሩ ልጆች በሙሉ። የኔታ ቁጥርን የሚያስተምሩት እንደ ትምህርት ሳይሆን እንደ ተረት ስለነበር፣ እኛም የምንመጣው ተረት ልንሰማ እንጂ ልንማር አልነበረም።

«ቁጥር ሁሉ የሠርግ እድምተኛ ነው፤ ተሰልፎ ነው የሚመጣው» ይሉ ነበር። «የዳሱ በር ላይ ግን በረኞች አሉ። ሁለትና አምስት ግዴለሾች ናቸው። ሰልፉ የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ ከደብረ ማርቆስ እስከዚህ ይድረስ፣ እነሱ የሚያዩት የመጨረሻውን ሰው ፊት ብቻ ነው። አምስት ራሱን የመሰለ ወይም ባዶ እጁን የመጣ ሰው ከጭራው ካየ፣ “ይግቡ!” ይላል። አራት ትንሽ ይጠነቀቃል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያያል። ስምንት ከእሱ ይብሳል፤ ሦስቱን ካላየ አያሳልፍም።»

«አራት ለምን ሁሉንም አያይም?» ብሎ ጠየቀ አንለይ።

«ጠግቦ ነዋ! አራትን መቶ ካበላኸው፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስት አድርጎ ተካፍሎ ፍርፋሪ ሳያስቀር ይጨርሰዋል። ከመቶ በላይ ያለው ሁሉ እንግዲህ ለእሱ ጥጋብ ነው። ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ስምንትን ደግሞ የሚያጠግበው ሺ ነው።»

ሳቅን። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ ረጅም ቁጥር ሲጻፍ፣ ዓይኔ እየሮጠ ወደ ጭራው ሲሄድና መጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ሲለቅም አገኘሁት። የምፈራው ነገር ከቅርብ ሲታይ ፊት አለው።

ዘጠኝን ግን የኔታ በሌላ ድምፅ ነበር የሚያነሡት። ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ዘጠኝ አድልዎ አያውቅም» ይላሉ። «ፊተኛውንም ኋለኛውንም እኩል ይሰማል። ሺ ነኝ ብሎ የመጣውንም፣ አንድ ነኝ ብሎ የመጣውንም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ምን ይዘህ መጣህ? ሁሉም የያዘውን ይደምራል፤ ዘጠኝ በሞላ ቁጥር ይጥለዋል፤ የሚተርፈው እውነተኛው ትርፍ ነው።»

«ለምን፣ የኔታ?» አልሁ እኔ በተራዬ።

ለዚህ ግን እንደ አራቱ ቀላል መልስ አልሰጡኝም። በዚያ ፈንታ ሁላችንም ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀውን ታሪክ ይተርኩልን ጀመር። አሥር ለምጻሞች ከሩቅ ቆመው ማረን ብለው እንደጮኹ፣ በመንገድ ሲሄዱ ገላቸው እንደ ሕፃን ገላ እንደጠራ። የኔታ ሲተርኩ የቆሰለው ቆዳ ሲገፈፍ ይታይ ነበር። ዘጠኙ ደስ ብሏቸው በየቤታቸው ሄዱ፤ አንዱ ግን ሊያመሰግን ተመለሰ። ፍሙ ተሰነጣጠቀ። ቀጥለው የመቶዎቹን በጎች ታሪክ ነገሩን፤ ዘጠና ዘጠኙ በደኅና እንዳሉ፣ እረኛው ግን አንዲቱን ፍለጋ ተራራ ለተራራ እንደተንከራተተ።

«ከአሥሩ ስንት ተመለሰ?» አሉን።

«አንድ!»

«ከመቶውስ ስንት ከመንጋው ውጭ ቀረች?»

«አንድ!»

«በሉ ነግሬያችኋለሁ» ብለው ተነሡ።

«ምኑን ነገሩን?» አለ አንለይ ግራ ተጋብቶ።

«ሰሙን። ወርቁን ራስህ ቆፍር» አሉትና በትራቸውን አንሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። የቅኔ ቤት ወግ ነው፤ መምህር በሩ ድረስ ይወስድሃል እንጂ በሩን አይከፍትልህም። እኔ ግን በዚያች ሌሊት የተኛሁት ተናድጄ ነው።

ከብዙ ቀናት በኋላ፣ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ፣ አንለይ «እስኪ የኔታ የማይችሉትን ቁጥር እናምጣ» አለ። የሻይ ቤታችን የውጭ ግድግዳ በቅርብ ተለቅልቆ ነጭ ነበር። አንለይ ከሰል አነሣና፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚቆመውን መኪና ሁሉ የሰሌዳ ቁጥር እየተቀበለ፣ አንዱን ከሌላው እየቀጠለ መጻፍ ያዘ። ሌሎቻችንም ረዳነው። እናቴ ወጥታ አየችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልትጮህ ስትል፣ የኔታ በር ላይ ካለው መደብ ሆነው «ተያቸው፣ ቁጥር እያረቡ ነው» አሏት። እኩለ ቀን ሲሆን ቁጥሩ ከበሩ ተነሥቶ፣ ጥጉን ዞሮ፣ የኋላውን ግድግዳ ጨርሶ የጎረቤት አጥር ጋ ደርሶ ነበር። ስም የለውም። እልፍ ብትለው፣ የእልፍ እልፍ ብትለው አይደርስበትም። ጥቁሩ የከሰል መስመር በነጩ ግድግዳ ላይ ሲሄድ ሳይ የድሮው ፍርሃቴ ተመለሰብኝ።

በዚያ ሰዓት አንድ አውቶቡስ ጎማው ተበላሽቶ ደጃችን ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሻይ ይዞ፣ ልጆች ግድግዳ ላይ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ተሰበሰበ። አንለይ እንደ አዋጅ ነጋሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከበሩ ጀምሮ አኃዞቹን እያነበበ ሄደ፤ ጥጉን ሲዞር ከዓይናችን ተሰወረ፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ አልፎ አልፎ እጃቸውን ዘርጋ አድርገው አንድ ነገር እንደሚጥል ሰው ያራግፋሉ። ዘጠኙን እየጣሉ ነበር። አንለይ «ሰባት! አለቀ!» ብሎ ከወዲያ ሲጮህ፣ የኔታ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ፣ «አምስት ይተርፋል» አሉ።

የአውቶቡሱ ሹፌር፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ትልቅ ሰው፣ በአክብሮት ዝቅ ብሎ፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?» አላቸው።

«በማካፈል ነዋ» አሉ የኔታ እየሳቁ። «የሚችል ያካፍል።»

መምህራችን መምህር አያሌው ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ከሰዎቹ መካከል ቆሞ ነበር። ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካው። «እኔም በትምህርት ቤት ደምረህ ዘጠኝ ዘጠኙን ጣል ብለው አስተምረውኛል» አለ። «ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ሰው ብቻውን ቢያካፍለው ይመሽበታል። እኛ ግን ብዙ ነን።» ከዚያ እያንዳንዳችንን በአንድ አኃዝ ፊት አቆመን። ከግራህ ካለው ልጅ ቀሪውን ትቀበላለህ፤ ከራስህ አኃዝ ፊት ታስቀምጠዋለህ፤ ለዘጠኝ ታካፍላለህ፤ የቀረህን በቀኝህ ላለው ታቀብላለህ። የሠራተኛ ሰልፍ ድንጋይ እንደሚቀባበለው ማለት ነው። ልጅ አልበቃ ሲል ተሳፋሪዎች ገቡ። ዶሮ የታቀፉ እናት አንድ ስምንት ፊት ቆሙ፤ ሹፌሩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተሰለፈ። መጨረሻው ሰባት ፊት የሚቆም ሰው ሲጠፋ መምህር አያሌው እናቴን ጠራት። «እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁ» ብላ ተግደረደረች፤ ሽርጧን አስተካክላ ግን ቆመች።

ቀሪው ከበሩ ተነሥቶ መምጣት ጀመረ። ሲጠራሩ ይሰማል፤ «ሦስት!» «ባዶ!» «ሰባት!» አንዳንዱ ይሳሳታል፣ መምህር ያርመዋል፣ ይቀጥላል። በግራዬ የቆመው አንለይ ነበር። «ስድስት!» ብሎ አቀበለኝ። የእኔ አኃዝ አራት ነው። ስድሳ አራት። ዘጠኝ ሰባት ጊዜ ስድሳ ሦስት፤ አንድ ይቀራል። «አንድ!» ብዬ በቀኜ ላሉት ዶሮ ለታቀፉት እናት አቀበልሁ። የእሳቸው ስምንት ነው፤ አሥራ ስምንት፤ ምንም አይቀርም። «ባዶ!» አሉ ዶሯቸውን እያቀፉ።

ልክ ያኔ አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። ስድስትና አራት አሥር። ከአሥር ዘጠኝ ሲጣል አንድ። አንድና ስምንት ዘጠኝ፤ ሲጣል ባዶ። እኛ እያካፈልን ነው ስንል ለካ እየደመርን ነው! ግን ለምን? አንለይ የሰጠኝ ስድስት እኮ ስድስት ብቻ አይደለም፤ ከእኔ አራት ፊት ሲቆም ስድስት አሥሮች ነው፣ ስድሳ ነው። ስድስት አሥር… ከእያንዳንዱ አሥር ዘጠኙ ይሄዳሉ። አንዱ ይመለሳል።

አንዱ ይመለሳል!

ከስድስቱ አሥሮች ስድስት ሰዎች ለምስጋና ተመልሰው ከእኔ አራት ጋር ሲቆሙ በዓይኔ አየኋቸው። ሰልፉን ትቼ፣ ጥጉን ዞሬ፣ እየሮጥሁ መደቡ ጋ ደረስሁና የኔታ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«የኔታ! ለምጻሞቹ! ዘጠኙ ለዘጠኝ ይበቁታል፤ የሚመለሰው አንዱ ነው! ስድሳ ማለት ስድስት የተመለሱ ሰዎች ማለት ነው!»

እጃቸውን ፈልገው ራሴ ላይ አኖሩ። «መቶስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ዘጠና ዘጠኙ በጎች መንጋው ውስጥ ናቸው። አንዷ ትቀራለች።»

«ሺስ?»

ለሺ ታሪክ አልነገሩንም ነበር። ዓይኔን ጨፈንሁ። በሥዕል ያላየሁት፣ ማንም ያልተረከልኝ መንጋ በጨለማ ውስጥ ሲያልፍ አየሁ። «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ይሄዳሉ» አልሁ። «አንድ።»

«እልፍስ?»

«አንድ።»

«የእልፍ እልፍስ? ስም የሌለውስ?»

«አንድ፣ የኔታ። ሁልጊዜ አንድ።»

የማያዩት ዓይኖቻቸው እንባ ሞሉ። «እሰይ!» አሉ። «የሺ ሺን በላች፣ አንድ አተረፈች!» ስሜ የሺ ስለሆነ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰዓት ላይ እንኳ ቃል ሲያገኙ አይለቁትም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቀረቡና፣ «የአሥሩንና የመቶውን ከእኔ ሰማሽ። የሺውን ግን ከማን ሰማሽው?» አሉኝ።

«ከማንም፣ የኔታ።»

«ከማንም ካልሰማሽው እንግዲህ ከራሱ ነው የሰማሽው» አሉ። ድምፃቸው ከሹክሹክታ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር።

በዚህ መካከል ቀሪው የኋላውን ግድግዳ ጨርሶ፣ ሹፌሩ ጋ ደርሶ ኖሯል። «ሰባት!» ብሎ በወፍራም ድምፁ ሲያቀብል ሰማነው። የእናቴ ተራ ነበር። ሰባት ከሰባት ፊት፤ ሰባ ሰባት። ስታጉተመትም በሐሳቤ አየኋት፤ ዘጠኝ ስምንት ጊዜ ሰባ ሁለት… ጊዜው ረዘመብኝ። የኔታም እጃቸው ራሴ ላይ እንዳለ፣ እንደ ልጅ ጓጉተው ይጠባበቃሉ።

«አምስት!» ብላ ጮኸች እናቴ። «አምስት ነው! አምስት ቀረኝ!»

ተሳፋሪው እልል አለ። ያቺ ዶሮ ከእናትየው እቅፍ አምልጣ በረረች። ሹፌሩ መጥቶ የኔታን ጉልበታቸውን ሳማቸው፤ መምህር አያሌው ግን የትም አልሄደም፣ ግድግዳው ፊት እንደቆመ ቀረ፤ አኃዞቹን አንድ በአንድ እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ወደ መደቡ ሲመጣ፣ «ሰኞ ክፍል ውስጥ አንቺ ነሽ የምታስረጂን» አለኝ። ሰኞ ለምጻሞቹንና በጎቹን ሰሌዳው ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ትልቅ ቁጥር ከዚያ ወዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ ያስገርመኛል እንጂ። የሚገርም ነገር ደግሞ ከሚያስፈራው ይበልጣል።

የኔታ ምናሉ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሊሞቱበት የመጡበት ቤት ትምህርት ቤት ሆነላቸው። ልጆች ከጉንደ ወይን ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ሳይቀር ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር። አንለይ ሲያድግ ለትራንስፖርት ሥራ ሄደ፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ተምሬ በዚያው በሒሳብ መምህርነት ቀረሁ። የኔታ ያረፉት እኔ ኮሌጅ ሳለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ምሳቸውን በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። እናቴ ስትነግረኝ ከሁሉ አስቀድማ የነገረችኝ ይህንን ነው፤ «በልተው ነው» አለችኝ። እኔም ለምን እንደምትነግረኝ ስለገባኝ ስልኩን ይዤ ብዙ አለቀስሁ።

የዚያን ሕግ ማረጋገጫ ኮሌጅ ውስጥ በፊደልና በምልክት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። ትክክል ነው፤ አጭርም ነው፤ መምህሩ ጽፎ ሲጨርስ ሌሎቹ ቀድተው ገጽ ገለጡ። እኔ ግን ትንሽ ቆየሁ። በምልክቶቹ መካከል የሚመለስ ሰው እግር ድምፅ እንደምሰማ ለማን እነግራለሁ? የሰው እጅ ያልጻፈው፣ የሰው አፍ ያልጠራው ቁጥር ሁሉ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊትም እኛ ከሄድን በኋላም፣ ማንም ሳያየው ዘጠኙን አሰናብቶ አንዱን ያስቀራል። አንዲት የሉማሜ ልጅ ይህን በከሰል ከተጻፈበት ግድግዳ ፊት ቆማ መስማቷ እስካሁን ድረስ ያስደንቀኛል። አዋቂ ስሆን ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አልለቀቀኝም።

ዛሬ የራሴን ተማሪዎች ሳስተምር የአሥሩንና የመቶውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣል፤ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። «ሺስ ቢሆን፣ መምህርት?» ይለኛል። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ ለመናገር የሚፈጀው አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ጠመኔውን አስቀምጬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እመለከታለሁ፤ ክፍሉ ጸጥ እስኪል፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን እስኪጨፍኑ ድረስ ዝም እላለሁ። ያ ዝምታ የእነሱ ነው። እንዴት ብዬ ልውሰድባቸው!